የሰርጉ ምድጃ

ጡረታ ወጣሁ ማለት አልችልም፤ ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ኖሮኝ አያውቅም። ሥራ አቆምኩ ብል ይሻላል። አንዱ ጆሮዬ ከመዶሻው ጋር ቀርቷል፤ ሌላኛውም ልሂድ ልሂድ እያለ ነው። ልጆቼ «አባዬ በቃህ» ሲሉኝ ብዙም አልተከራከርኩም። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍሌን ለቅቄ እነሱ ወዳገኙልኝ ኮንዶሚኒየም ገባሁ።

እንደገባሁ የሕንፃው እድር ለመመዝገብ ሄድኩ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ስሜን ነገርኩት፣ ግርማ። «ሥራዎስ ጋሼ?» አለኝ። «አቁሜያለሁ» አልኩት። «ጎሽ! ከየት መሥሪያ ቤት ነው ጡረታ የወጡት ታዲያ?» እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ በዝቶብኝ ነው። መታወቂያዬ ላይ «የግል ሥራ» ይላል። የሚስቴ ዘመዶች ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ነጋዴ ነው ይላሉ። የተወለድኩበት አገር ሰው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። አሁን ተራውን የተረከቡት ወጣቶች ደግሞ፣ ግማሾቹ ዲግሪ አላቸው፣ ካርድ አሳትመው «የብረታ ብረት ኢንተርፕራይዝ» ተብለዋል፤ ሲያዩኝም «መሥራቻችን» እያሉ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። በርሜሉ ያው በርሜል ነው፣ መዶሻውም ያው መዶሻ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ሲጠብቀኝ ጊዜ «በርሜል እየቀጠቀጥኩ ምድጃ እሠራ ነበር» አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። «ነጋዴ ብዬ ልጻፍልዎ» አለና ጻፈ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ግራ እንደተጋባሁ አለሁ። ሰው የሚከበረው በምኑ ነው? በገንዘቡ እንዳልል፣ በደህናው ዘመን ከጎረቤቴ ከመምህሩ የተሻለ አገኝ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ድግስ ሲኖር ግን እሱ ከፊት ይቀመጣል፣ እኔ ድንኳን ስወጥር ነው የምገኘው። በትምህርቱ እንዳልል፣ ያው መምህር የቤት ኪራይ ጨምሮበት ከሰፈር ሲለቅ ዕቃውን ሊጭንለት ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። በሙያው ነው እንዳልልማ የምድጃ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ በየነ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። የሥራ ዘመኔን ላወራ ስነሳም ከእሳቸው ውጭ የምጀምርበት ቦታ የለኝም።

መርካቶ የገባሁት በአውቶቡስ ተራ በኩል ነው። መጀመሪያ የመንገደኛ ሻንጣ ተሸከምኩ። ቀጥሎ አንድ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ፤ አሠሪዬ ክፉ አልነበረም፣ የደመወዝ ቀን ሲደርስ ግን መርሳት ያበዛ ነበር። ብየዳ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝም ያችው ትምህርት ናት። ቤቱ ሲዘጋ «ምን አለሽ ተራ በየነ የሚባል ምድጃ ሠሪ ሰው ይፈልጋል» ተባልኩና ሄድኩ።

ጋሼ በየነ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ይሠራሉ፤ ከትንሿ የከሰል ምድጃ እስከ ትልቁ የድግስ ምድጃ። በርሜል ሲመጣላቸው መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው አፍንጫቸው ነው። ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል፤ ዘይት ይሁን ነዳጅ ይሁን ቀለም በጠረኑ ይለዩታል። ነዳጅ ከሸተታቸው ውሃ ሞልተው ያሳድሩታል እንጂ መሮ አያስነኩትም፤ ባዶ የነዳጅ በርሜል ሲቆረጥ ፈንድቶ ሰው ሲጎዳ አይተዋል። ከዚያ ቆርጠው፣ ዘርግተው፣ መሬት ላይ በቀበሩት የሐዲድ ቁራጭ ላይ እያገላበጡ ይቀጠቅጡታል። መዶሻቸው የሚያርፍበት ቦታ እኩል እኩል ነው፤ የጋሼ በየነን ምድጃ ከሌላው መካከል በዱካው ትለየዋለህ።

እግር ላይ ቀልድ አያውቁም። የምድጃ እግር ታጥፎ፣ ተቆልፎ፣ በሪቬት፣ በብረት ችንካር፣ ይያዛል እንጂ አይበየድም። «ላሜራው ስስ ነው» ይሉኝ ነበር። «ብየዳ ዳር ዳሩን ያቃጥለዋል። ዛሬ ያምራል፣ እሳት ሲበዛበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።» እኔ ከብየዳ ቤት ስለመጣሁ የሰማሁ መስዬ አልፈዋለሁ። ዕቃው ሲያልቅ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉትና ግራ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ድምፁ ካልጣማቸው «ይዋሻል» ብለው ወደ እኔ ይገፉታል፤ ፈርሶ ይሠራል። ምኑ እንደሚዋሽ ለመስማት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የገረመኝ ግን ሥራ ሲያልቅ የሚያደርጉት ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በአመድና በሳሙና ይፈትጋሉ። ሚስማር ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ሙሉ ልብስ አላቸው፤ እሱን ይለብሳሉ፣ ከረባት ያስራሉ፣ ጋዜጣ አጥፈው ብብታቸው ሥር ይሸጉጣሉ። በቃ፣ ከምን አለሽ ተራ የሚወጣው ሰው የሆነ ቢሮ ኃላፊ ነው። ሰፈራቸው ከመርካቶ ራቅ ይላል። እዚያ ሥራቸውን የሚያውቁት ሚስታቸው እትዬ አሰለፈችና አንዲት ልጃቸው ሰናይት ብቻ ነበሩ። ጎረቤቱ ልብሱንና ጋዜጣውን አይቶ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ እሳቸውም አላረሙትም።

«ጋሼ፣ ለምን ይደበቃሉ? ምን ሰረቁ?» ብዬ አንድ ቀን ደፈርኳቸው።

«ሌባ እኮ ልጁን ይድራል» አሉኝ። «የቀጥቃጭ ልጅ ናት ከተባለ ግን ማን ያገባታል? ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉኛል። ሰናይት ትዳር ብቻ፤ ከዚያ በኋላ መዶሻዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ያኔ አልገባኝም ነበር። ቤታቸው የሞላ ነው፣ ልጃቸውን ጥሩ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ ሰፈር ውስጥ የተቸገረ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። የሰውን ችግር የሚያቃልለው ገንዘብ የተገኘው ከመዶሻው ነው። ገንዘቡ የተከበረ፣ መዶሻው የተናቀ፤ ታዲያ እሳቸው የትኛው ናቸው?

ሰናይት ተምራ ባንክ ተቀጠረች፣ እዚያም ከአንድ ጥሩ ልጅ ጋር ተዋደዱ። የልጁ አባት አቶ ጌታቸው የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው ሲመጡ እኔ የወንድም ልጅ ተብዬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አቶ በየነ የት መሥሪያ ቤት ነው ያሉት?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ በየነ አፋቸውን ሳይከፍቱ በእኛ በኩል የተቀመጠ ጎረቤት «እሳቸውማ የመንግሥት ሰው ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት» ብሎ መለሰ። ጋሼ በየነ ወለሉን አዩ። አልዋሹም፤ አላስተባበሉምም። ልጅቷ ተፈቀደች፣ ቀን ተቆረጠ።

ሁለቱ ቤተሰቦች ድግሱን በአንድ ላይ ለመደገስ ተስማምተው ድንኳኑ ጋሼ በየነ ሰፈር ተተከለ። ወጥ ቤቶቹ ትልቅ ምድጃ ሲጠይቁ ጋሼ በየነ «ተከራዩ» አሉ። የገዛ እጃቸውን ሥራ ለልጃቸው ሰርግ ሰፈራቸው ማስገባት አልፈለጉም። እኔ ደግሞ ለሰናይት የሆነ ነገር ልስጣት አልኩ። ካለኝ ነገር ሁሉ የሚሻለው የእጄ ሥራ ነው፤ ሳልነግራቸው ምድጃ ሠራሁላት።

እዚህ ላይ ነው ብልጥ ነኝ ያልኩት። የመዶሻ ዱካ ካለው የምን አለሽ ተራ ሥራ መሆኑ ይታወቃል፤ ከታወቀ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ዱካውን አለስልሼ አጠፋሁት። የሪቬት ጭንቅላት እንዳይታይ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ብየዳ ቤት ወስጄ እግሮቹን በየድኳቸው፤ ብየዳውን በሞረድ አስተካክዬ ብርማ ቀለም ቀባሁት። ሲያልቅ ከሱቅ የወጣ የፋብሪካ ዕቃ መሰለ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ጋሼ በየነ በድንኳኑ ጀርባ ብቅ አሉና ምድጃውን አዩት። እኔንም አዩኝ። ቀኝ እጃቸው ጣቶቹን አጥፎ ወደ ምድጃው ተዘረጋ፤ ሊያንኳኩት ነው። አጠገባችን የሙሽራው ዘመዶች ቆመው ነበርና እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ከሱቅ» አልኳቸው። ምድጃውን ደግመው አይተው ሄዱ።

ሙሽሮቹ ገብተው ምግብ ሊቀርብ ሲል ከጓሮ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የምድጃው አንድ እግር ብየዳው ዳር ላይ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ጢም ብሎ የሞላው የወጥ ጎላ ተዘነበለ። ወጥ ቤቶቹ ጮኹ። ሁለት ጎረምሶች በጆንያ ይዘው ደገፉት፣ ግን ሙቀቱ እንደማያስችላቸው ፊታቸው ይናገራል። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

ጋሼ በየነ እየሮጡ መጡ። ኮታቸው ላይ የሰርግ አበባ ተሰክቷል። «እሳቱን ጎትቱት! ድንጋይ ደግፉበት! ግርማ፣ ምን ትገተራለህ፣ ጎኑን ያዝ!» ጎላውን አስወርደው ምድጃውን በጎኑ አጋደሙት። መዶሻ አልነበረም፤ የእንጨት መፍለጫውን መጥረቢያ ነጥቀው ጀርባውን መዶሻ አደረጉት። ያ ሙሉ ልብስ መሬት ላይ ተንበረከከ። ገና የሚፋጀውን ላሜራ በጆንያ ጫፍ ይዘው በመጥረቢያው ስለት ቀደዱት፣ እንደ ምላስ አወጡት፣ እግሩን እዚያ ውስጥ አስገብተው መልሰው ቆለፉት። የቀሩትንም እግሮች እንዲሁ። አመታታቸው ያው እኩል እኩል ነው። ሲጨርሱ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ግራ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እሺ፣ ጣዱት» አሉ። ቀና ሲሉ ነው ከበው የሚያዩአቸውን ሰዎች ያስተዋሉት።

ግማሹ እድምተኛ ከድንኳኑ ወጥቶ ቆሟል፤ ከፊት አቶ ጌታቸው። «አቶ በየነ፣ ይህን የት ለመዱት?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ ግርምት ብቻ። ጋሼ በየነ የሱሪያቸውን ጉልበት አራገፉ። የአቶ ጌታቸው ታላቅ እህት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ጠይብ ናቸው እንዴ?» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ሁሉም ግን ሰማ። ከዚያ ወጡ ቀረበ፣ ሰው በላ፣ ተጨፈረ፣ ሙሽሮቹ ሄዱ። ሰርግ እንደማንኛውም ሰርግ አለቀ።

የቀረው ቅልቅሉ ነው። የሙሽራው ወላጆች የሙሽሪትን ቤተሰብ ቤታቸው ጠርተው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ከእንግዲህ ዘመድ ነን የሚሉበት ግብዣ ነው። ጥሪው ከእነሱ ነው የሚመጣው። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ከአቶ ጌታቸው ቤት ድምፅ የለም። ሰናይት ለእናቷ ስትደውል ስለሌላ ስለሌላው አውርታ ትዘጋለች። እትዬ አሰለፈች ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። ቅልቅል ከቀረ ሰናይት ወላጆቿ የማይጠሩባት፣ በባሏ ቤት አንገቷን የደፋች ምራት ሆና ልትኖር ነው። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የእኔ ብየዳ ነው።

ጋሼ በየነ ሥራቸውን አላቋረጡም። ይቅርታ ልጠይቅ ደጋግሜ አፌን ከፍቼ መዶሻቸውን ሲያነሱ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን እንደምንም ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁዎት» አልኳቸው።

«ያምር ነበር» አሉ። «ፋብሪካ ነበር የሚመስለው።» ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አላወቅኩም።

አንድ ጠዋት ከቁርጥራጭ ብረት ክምር መካከል ኮት የለበሰ ሰው እየተደነቃቀፈ ሲመጣ አየሁ። አቶ ጌታቸው ናቸው። ሰው እየጠየቁ ነው የመጡት። ጋሼ በየነ ጥላሸት እንደለበሱ፣ በተቃጠለ ሸራ ሽርጥ፣ ሐዲዱ ላይ ጎንበስ ብለዋል። የሚደበቁበት ቦታ አልነበረም። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውን ለሰላምታ ሊዘረጉ ብለው መዳፋቸውን አዩና ክንዳቸውን አቀረቡ። አቶ ጌታቸው ክንዳቸውን ጨበጡ።

«ምድጃ ፈልጌ ነው» አሉ አቶ ጌታቸው። «የድግስ። እግሩ የማይሰበር።»

«የሚሰበረው የእሱ ነው» አሉ ጋሼ በየነ እኔን እያሳዩ። ተራው በሙሉ ሥራ አቁሞ ያዳምጥ ስለነበር ከየአቅጣጫው ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ በየነ ለማንኛውም ደንበኛ የሚጠሩትን ዋጋ ጠሩ፤ አላበዙም፣ አላሳነሱም። አቶ ጌታቸው ተሠርቶ የቆመውን የድግስ ምድጃ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይቀንሱ እንጂ አቶ በየነ።»

«ለማን ብዬ?»

«ለዘመድ።»

ጋሼ በየነ መዶሻውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩት። «ለዘመድማ አይሸጥም። ይውሰዱት» አሉ በመጨረሻ።

«በነፃማ አልወስድም። እሁድ ቅልቅሉ ነው፤ ይዘውት ይምጡ፣ እዚያው እንተሳሰባለን።»

እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝና ለምጄው «በጓሮ በር ነው የማስገባው?» ብዬ ጠየቅኩ። አቶ ጌታቸው ዞረው አዩኝ። «ምድጃው በጓሮ ይግባ። እናንተ በፊት ለፊት» አሉኝ። ይህን ሲሰሙ ጋሼ በየነ ፊታቸውን አዞሩና የሌለ ነገር መፈለግ ጀመሩ። ያን ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁሉም ነገር ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

እሁድ በፊት ለፊት በር ገባን። አቶ ጌታቸው ጋሼ በየነን ከአጠገባቸው፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጧቸው። ለቤተሰባቸውም «አቶ በየነ ባለሙያ ናቸው፤ ሰርጋችንን ያተረፉልን እሳቸው ናቸው» ብለው አስተዋወቁ። ሰው አጨበጨበ። ሰናይት አባቷን እያየች ታለቅስ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብላ። ምግብ ቀረበ። ከፊት ለፊታቸው የአቶ ጌታቸው ታላቅ እህት ተቀምጠዋል። ጋሼ በየነ ድንገት ዓይናቸው ወደ ሴትዮዋ ሳህን ሄደ፤ ማንም ሰው እንደሚያየው ነው ያዩት። ሴትዮዋ ቶሎ ብለው ሳህኑን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እኔ ከወንበሬ ልነሳ ነበር፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። አቶ ጌታቸው ቀደሙኝ። እጃቸውን ሰደው የእህታቸውን ነጠላ ከሳህኑ ላይ ገለጡ፣ ከዚያው ሳህን ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ ተነስተው በሁሉም ሰው ፊት ጋሼ በየነን አጎረሱ። ሰው እንደገና አጨበጨበ፤ ከበፊቱ ይበልጣል። ሴትዮዋ አቀረቀሩ። ጋሼ በየነ አኘኩ፣ ዋጡ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ።

ይህን ሳስብ ነው የሚምታታብኝ። አቶ ጌታቸው ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰናይትን ክፉ የተናገራት የለም። ግን ለአንድ ሰው አንድ ጉርሻ ለማጉረስ ያን ያህል ሰው መመስከር ነበረበት? ያ መምህር ቢሆን፣ ያ ኃላፊ ቢሆን፣ ሲጎርስ ማን ያጨበጭብለታል? ሴትዮዋስ ክፉ ነበሩ ወይስ የፈሩ? ለማን ልዘን?

በታክሲ ስንመለስ እትዬ አሰለፈች ደስ ብሏቸው ያወራሉ። ጋሼ በየነ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ግርማ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወጡ ጨው ነበረው?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የጎረሱት?» አልኳቸው።

«ሁሉም እያየኝ» አሉ፣ «አልቀመስኩትም።»